ጥያቄው ለማን ጆሮ ነው? «ሃይማኖቱን መጠየቅ ጥላቻ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ሃይማኖቱን መጠየቅ ጥላቻ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። የተጻፈው አሜሪካ ለምንኖር ለእኛ ነው። ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ሰው ያሳምናል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህን ይመስላል። በ2016 በርኒ ሳንደርስና ሂላሪ ክሊንተን የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን በዴሞክራቲክ ፓርቲ ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት የውስጥ ምርጫ) ሲፎካከሩ፣ የፓርቲው ሹሞች ስለ ሳንደርስ እምነት ኢሜይል ተጻጻፉ። ኢሜይሉ አደባባይ ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጣ። ጸሐፊው ግን ቁጣው ያለ ቦታው ነበር ይላሉ። ኢሜይሉ የሳንደርስን ስም አይጠራም፤ አይሁዳዊነቱንም አይነቅፍም። ሳንደርስ ሃይማኖተኛ ስላልሆነ የአይሁድ ጥላቻ እሱን አይመለከተውም። የፓርቲው ሊቀመንበርም ራሷ አይሁዳዊት ነበረች። ሰው ደግሞ የራሱን ወገን ቢመርጥ ያለ ነው። «ፀረ-ሴማዊነት» የሚባለው ክስ ዛሬ ተቃዋሚን መምቻ ዱላ ሆኗል። እኛ ሐበሾችን ጉዳዩ አይመለከተንም። በመጨረሻም «ሳንደርስ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ ይሸሽ ነበር፤ ቢጠየቅ ምን ነበረበት?» ብለው ይዘጋሉ።

በአንዳንዱ እስማማለሁ። በዋናው ነገር ግን ተሳስተዋል። ከኢሜይሉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ስለ ኢሜይሉ ብዙ ቢሉም ቃሉን አላስነበቡንም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢሜይሉ የተጻፈው ሜይ 5 ቀን 2016 ነው። የጻፈው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ብራድ ማርሻል ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ይላል፦ «ለውጥ ላያመጣ ይችላል፤ ግን ለኬንታኪና ለዌስት ቨርጂኒያ አንድ ሰው እምነቱን እንዲጠይቀው ማድረግ እንችላለን? በአምላክ ያምናል? የአይሁድ ዘር አለኝ እያለ ሲያመልጥ ቆይቷል። አምላክ የለሽ እንደሆነ ያነበብኩ ይመስለኛል። ይህ በእኔ ሰዎች ዘንድ የተወሰኑ ነጥቦች ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። የደቡብ ባፕቲስት ሰዎቼ በአይሁዳዊና በአምላክ የለሽ መካከል ትልቅ ልዩነት ያያሉ።» በዚያው ልውውጥ የኮሚቴው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአንድ ቃል መለሰች። ቃሏ «አሜን» ነበር።

አሁን ይህን ኢሜይል ቀስ ብለን እንየው። ሰውየው «ልጠይቀው» አላለም። «አንድ ሰው እንዲጠይቀው ማድረግ እንችላለን?» ነው ያለው። ጠያቂው ሌላ ሰው እንዲሆን ፈልጓል። የጥያቄው ባለቤት እንዳይታወቅ ፈልጓል። መልሱም አላጓጓውም፤ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። የፈለገው መልሱን ሰምተው የሚደነግጡ ሰዎችን ነው። አድራሻቸውንም ጽፎታል፤ ኬንታኪ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ባፕቲስቶች። የሚያስገኘውንም ገምቷል፤ የተወሰኑ የመቶኛ ነጥቦች።

የእኔ መለያ ይህ ነው። ጥያቄ ለመልሱ ሲጠየቅ ሌላ ነው፤ ለሰሚው ጆሮ ሲጠየቅ ሌላ ነው። ጸሐፊው «ሃይማኖት መጠየቅ ጥላቻ አይደለም» ሲሉ ስለ መጀመሪያው ዓይነት ነው የሚናገሩት። ኢሜይሉ ግን የሁለተኛው ዓይነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው ያሳለፉት።

ስም አይጠራም ላሉት መልሱ አጭር ነው። በዚያ ወር ኬንታኪና ዌስት ቨርጂኒያ ላይ የአይሁድ ዘር ያለው የዴሞክራቲክ ዕጩ ስንት ነበር? አንድ ነበር። ማርሻልም መጀመሪያ «አላስታውሰውም» ብሎ ሌላ ሰውን የሚመለከት ሳይሆን አይቀርም አለ። ብዙም ሳይቆይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሥራውም ለቀቀ። ኮሚቴውም ሳንደርስን በስሙ ጠርቶ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቁት ሰዎች ስለ ማን እንደሆነ ካመኑ፣ እኛ ከእነሱ በላይ ጠበቃ ልንሆን አይገባም።

«አይሁዳዊነቱን አይነቅፍም» የሚለው ግን ክብደት አለው። እውነት ነው። ኢሜይሉ ባፕቲስቶች ከአምላክ የለሽ ይልቅ አይሁዳዊን ይመርጣሉ የሚል ግምት ነው ያለው። ስለዚህ «አይሁድ ናቸው ጠላቶቻችን» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አይደለም። እንደዚያ ነው የሚሉ ሰዎች አጋንነዋል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ነገር ግን «ሲያመልጥ ቆይቷል» የምትለዋን ቃል እዩልኝ። አንድ ሰው አይሁዳዊ ነኝ ሲል ከጥያቄ ማምለጫ ተደርጎ ተቆጠረበት። ማንነቱ እንደ ማጭበርበሪያ ታየ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ ፕራይመሪ ለምን ለዚህ ዓይነት ነገር እንደሚመች ጸሐፊው አላነሱትም። በዋናው ምርጫ ሰው ፓርቲውን አይቶ ይመርጣል። በፕራይመሪ ግን ሁሉም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። በፖሊሲ ብዙም አይራራቁም። የሚመርጠውም ሰው ትንሽ ነው። እንግዲህ ተፎካካሪን በምን ትለየዋለህ? በስሙ፣ በመልኩ፣ በቤተ እምነቱ። ጥቂት ነጥቦች ደግሞ ሁሉን ይለውጣሉ። ኬንታኪን ተመልከቱ። ሜይ 17 ቀን ከ400,000 በላይ ሰው መርጦ ክሊንተን ያሸነፈችው ከ2,000 ባነሰ ድምፅ ነው። ጥያቄው በስተመጨረሻ በአደባባይ እንዲጠየቅ መደረጉን የሚያሳይ ነገር አልወጣም። የኢሜይሉ ጸሐፊ ግን ስሌቱን ያውቅ ነበር።

ዌስት ቨርጂኒያ የተመረጠችውም በአጋጣሚ አይደለም። በ2016 እዚያ ፕራይመሪ የተደረገው ሜይ 10 ቀን ነው። ከዚያ 56 ዓመት በፊት፣ ሜይ 10 ቀን 1960፣ ጆን ኬኔዲ በዚያችው ክፍለ ሀገር ፕራይመሪ ገጠመ። ካቶሊክ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው። «ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ከሆነ የሚታዘዘው ለሮማው ጳጳስ ነው» ይባል ነበር። ኬኔዲ አልተደበቀም። ባሕር ኃይል ስገባ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም አለ። ወንድሙ በጦር አውሮፕላን ሲሞትም ሃይማኖቱን የጠየቀው አልነበረም አለ። 60 በመቶ ያህል አግኝቶ አሸነፈ፤ ተፎካካሪው ሂዩበርት ሀምፍሪም ከውድድሩ ወጣ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ለማንኛውም የመንግሥት ሹመት የሃይማኖት ፈተና አይደረግም ይላል። ሕጉ የሚያዘው መንግሥትን እንጂ መራጭን እንዳልሆነ ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። የፓርቲ ቢሮ ግን ተራ መራጭ አይደለም። ኮሚቴው በራሱ ደንብ በዕጩዎች መካከል ገለልተኛ መሆን ነበረበት።

ስለ ሊቀመንበሯ ብዙ አልልም። ዴቢ ዋሰርማን ሹልትዝ አይሁዳዊት ናት። ያን ኢሜይል ግን እሷ አልጻፈችውም። የአለቃ ማንነት የበታችን ሥራ አያነጻም። ደግሞ የራሱን ወገን የሚጎዳ ነገር በቢሮው ሲሠራ ያላየ ሰው በሁሉም ሕዝብ ውስጥ አለ።

አሁን ልቤን ወደነካው እመጣለሁ። ጸሐፊው «ሳንደርስ ምኩራብ የማይሳለም ሰው ነው፤ ታዲያ የአይሁድ ጥላቻ በየት በኩል ያገኘዋል?» ይላሉ። ይህን ያለ ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይገባኝ ነበር። የአገራችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን እንዴት ይህን ይላል?

ጎንደር ምን እንደነበረ እናውቃለን። ቤተ እስራኤል ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ሸማ ይሸምኑ ነበር። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አልነበረውም። ሴቶቹ የሠሩትን ድስትና ጀበና እየገዛን ነው ወጥና ቡና የጠጣነው። ግን «ፈላሻ» ተባሉ። «ቡዳ» ተባሉ። ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ተባለ። ልጅ ሲታመም በዓይናቸው ነው ተባለ። ለዘመናት ርስት ተከለከሉ። አንዳንዶቹ ተጠመቁ። ማተብ አሰሩ፣ ጾሙ፣ ስማቸውን ቀየሩ። ታዲያ ጎረቤት ተዋቸው? በብዙ ቦታ አልተዋቸውም። ከተጠመቁ በኋላም ዘራቸው ይቆጠር ነበር። «እሱ እኮ ከነዚያ ነው» ይባል ነበር። የቡዳው ሐሜት በጥምቀት ውሃ አልታጠበም።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ እነዚያ ሰዎች ይደርስባቸው የነበረው ነገር በጸሎታቸው ብዛት ነበር? አይደለም። ጥላቻው ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም። የማን ልጅ እንደሆኑ ነው የጠየቀው። ናዚዎችም በ1935 ኑረምበርግ ላይ ባወጡት ሕግ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከአያቶቹ ሦስቱ አይሁድ የሆኑ ሰው፣ ቢጠመቅም ባይጠመቅም፣ አይሁድ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። የሳንደርስ አባት በ1921 ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። እዚያ የቀሩት ዘመዶቹ አብዛኞቹ ተገድለዋል። የገደሏቸው ሰዎች «ምኩራብ ትሄዳለህ?» ብለው አልጠየቁም። አይሁዳዊነት ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ዘር ነው፣ የቤተሰብ ትዝታ ነው። አንድ ሰው ጸሎት ቢተውም ያ ሁሉ አብሮት ይኖራል።

«ሰው የራሱን ወገን ቢመርጥ ያለ ነው» ለሚለው ደግሞ የሜምፊስን ታሪክ ልንገራችሁ። ስለ ፕራይመሪና ስለ ሃይማኖት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ሜምፊስ፣ ቴነሲ። ዘጠነኛው የምክር ቤት ወረዳ። አብዛኛው መራጭ ጥቁር ነው፤ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው። በ2006 መቀመጫው ክፍት ሆነና ከአሥር በላይ ሰዎች ለዴሞክራቶች ዕጩነት ቀረቡ። ድምፁ ተበታተነ። ስቲቭ ኮኸን የሚባል ነጭ አይሁዳዊ የክፍለ ሀገር ሴናተር 31 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። ብዙዎች ድንገት የሆነ ነገር ነው ብለው ጠበቁ፤ በሚቀጥለው ይወርዳል አሉ።

በ2008 ኒኪ ቲንከር የምትባል ጥቁር የሕግ ባለሙያ ዋና ተፎካካሪው ሆና ቀረበች። ያን ዓመት አንድ በራሪ ወረቀት በከተማው ተበተነ። «ስቲቭ ኮኸንና አይሁዶች ኢየሱስን ይጠላሉ» የሚል ነበር። ወረቀቱ የእሷ ዘመቻ ሥራ አይደለም፤ ከወረዳው ውጭ የሚኖር አንድ ሰባኪ ነው የበተነው። ምርጫው ሲቃረብ ግን የእሷም ማስታወቂያዎች መጡ። አንዱ የኮኸንን ፎቶ ኮፍያ ከለበሰ የኩ ክለክስ ክላን (ጥቁሮችን ሲያሸብር የኖረ የነጮች ድርጅት) ሰው ጎን አስቀመጠው። ሌላው ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እየገባ ያጨበጭባል፣ እግሩንም ይመታል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት እንዳይጸልዩ የተቃወመው ግን እሱ ነው የሚል ነበር።

«ቤተ ክርስቲያናችን» የምትለዋን ቃል ስሙ። ስለ ጸሎት ሕግ መከራከር ይቻላል። ኮኸን የሰጠው ድምፅ በመዝገብ ያለ ነው፤ ይጠየቅበት። ነገር ግን «አችን» የምትለው ጭራ ለክርክር አልመጣችም። «ይህ ሰው ከእኛ አይደለም» ለማለት ነው የመጣችው። ማንም ሰው «አይሁድ» የሚለውን ቃል ማውጣት አላስፈለገውም። ሰሚው ይሞላዋል።

ኦገስት 7 ቀን 2008 ሕዝቡ መረጠ። የሚገርመው፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ጁላይ 29 ቀን፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ለባርነትና ለዘር መድልዎ ሕጎች ይቅርታ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ውሳኔውን ያቀረበው ያው ኮኸን ነው። ባራክ ኦባማም ማስታወቂያዎቹን ነቀፈ። ቲንከርን ስትደግፍ የነበረች አንድ ትልቅ የሴቶች ድርጅትም ነቀፈቻቸው። ውጤቱ 79 በመቶ ለኮኸን፣ 19 በመቶ ለቲንከር ሆነ። ጥቁር ክርስቲያን በበዛበት ወረዳ።

ጸሐፊው የጥቁር መራጮችን ስም ሳይጠሩ «እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ሰው ይመርጣል» ብለው ደመደሙ። የሜምፊስ ሰዎች እንደዚያ አላደረጉም። በ2010 የከተማው የቀድሞ ከንቲባ ዊሊ ሄረንተን ኮኸንን ሲገጥም «አንድ ብቻ» በሚል መፈክር ነበር። ከቴነሲ የምክር ቤት ተወካዮች አንዱ እንኳ ጥቁር ይሁን ማለቱ ነው። ይህን ከኢየሱስ ወረቀት ጋር አንድ አላደርገውም። ወካይ አጥቶ የኖረ ሕዝብ ወካይ መፈለጉ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በአደባባይ ተጠየቀ፣ በአደባባይም ተመለሰ። ያኔም ኮኸን ወደ 80 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። ሰው የራሱን ወገን መውደዱ ሐጢአት አይደለም። ሌላውን የክርስቶስ ጠላት አድርጎ ድምፅ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን «ያለ ነው» በሚል አንድ ቃል መሸፈን አይቻልም።

ስለ «ዱላው» ጸሐፊው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የአይሁድ ጥላቻ የሚለው ክስ አላግባብ የሚወረወርበት ጊዜ አለ። የእስራኤልን መንግሥት ፖሊሲ የነቀፈ ሁሉ አይሁድ ጠል አይደለም። እስራኤል ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን ራሳቸው ፖሊስን ተቃውመው አደባባይ ወጥተዋል። የ2025ቱ የኒው ዮርክ ከንቲባ ፕራይመሪ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አሳይቶናል። ዞራን ማምዳኒ ሙስሊም ነው፤ የተወለደው ካምፓላ ነው። ተፎካካሪው የቀድሞው ገዥ አንድሩ ኩኦሞ የአይሁድ ጥላቻን ዋና የዘመቻ ርዕስ አደረገው። ማምዳኒ «ኢንቲፋዳን (የፍልስጤማውያንን አመፅ) ዓለም አቀፍ እናድርግ» የሚለውን መፈክር እንዲያወግዝ ተጠየቀ፤ አላወግዝም አለ። በጁላይ፣ ከፕራይመሪው በኋላ፣ ሰዎች ያን ቃል እንዳይጠቀሙ እመክራለሁ አለ።

ይህን ጥያቄ በእኔ መለያ ስመዝነው ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ የኒው ዮርክ አይሁዶች ያን መፈክር ሲሰሙ በአውቶቡስና በምግብ ቤት የፈነዳ ቦምብ ነው የሚታያቸው። ከንቲባቸው ሊሆን የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ መብታቸው ነው። ጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱም ሊቀየር ይችል ነበር፤ ተቀየረም። ኩኦሞን የሚደግፍ አንድ ቡድን ባዘጋጀው በራሪ ወረቀት ላይ ግን የማምዳኒ ጺም ጠቁሮና በዝቶ ታየ። ቡድኑ ወረቀቱ እንዳልተላከ ተናገረ። ለጠቆረ ጺም ምን መልስ ይሰጣል? ምንም። የተዘጋጀው ለሰሚው ነው፤ ይልቁንም ለተመልካቹ። በዚያው ፕራይመሪ የከተማው ከፍተኛ አይሁዳዊ ባለሥልጣን ብራድ ላንደር ተፎካካሪ ሆኖ ሳለ ከማምዳኒ ጋር እርስ በርስ ተደጋገፉ። ማምዳኒ አሸነፈ፤ በኖቬምበርም ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። አሁንም በጣም የሚሰጉ አይሁዶች አሉ፤ እሱን የመረጡ አይሁዶችም አሉ። ሁለቱም ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም መስማት ያስፈልጋል።

ዱላ መሆኑ ግን ነገሩ የለም ማለት አይደለም። በ2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ምእመናን በሰንበት ጸሎት ላይ ተገደሉ። በኤፕሪል 2025 የፔንሲልቬኒያው ገዥ ጆሽ ሻፒሮ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ መኖሪያው ተቃጠለ፤ የፋሲካቸው ምሽት ነበር። በሜይ 2025 ዋሽንግተን ውስጥ ከአይሁድ ሙዚየም ዝግጅት የወጡ ሁለት ወጣት የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። ይህ የሆነው ብዙዎቻችን ታክሲ የምንነዳበት፣ ለሥራ የምንመላለስበት ከተማ ውስጥ ነው። ዱላ ብቻ ነው የሚል ሰው ለሟቾቹ ቤተሰብ ምን ይላል?

«እኛን አይመለከተንም» የሚለው ይበልጥ አሳዝኖኛል። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ነው። በእኛ ወረዳ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። ስለዚህ የሐበሻ ድምፅ ዋጋ አለው። የወረዳችን የምክር ቤት ተወካይ ጄሚ ራስኪን አይሁዳዊ ነው። በ2016 ዕጩ የሆነው ከራሱ ኪስ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ባለሀብት ባለበት ፕራይመሪ አሸንፎ ነው።

አንድ የፕራይመሪ ሰሞን፣ ቅዳሴ ወጥተን ቡና ስንጠጣ፣ የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ የድምፅ መስጫውን ናሙና ይዘው መጡ። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስለ አንዱ ዕጩ ስደርስ «ክርስቲያን ነው?» አሉ። «አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። ወረቀቱን አጠፉት። የቤት ኪራይ ጉዳይ፣ የአውቶቡስ ጉዳይ፣ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት፣ ያ ሁሉ የዕጩው ሐሳብ ሳይነበብ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን አሁንም ይቆጨኛል። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ያን ቀን ማንም ሰው አንድ ወረቀት በትኖ ቢሆን፣ በእሳቸው በኩል ሥራው በአንዲት ቃል ያልቅ ነበር።

ደግሞ እኛ ሁላችንም ክርስቲያን አይደለንም። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሙስሊም ወገን አለን? ነገ ሂጃብ የለበሰች የወሎ ልጅ ለካውንቲ ምክር ቤት ብትወዳደር፣ «ኢየሱስን ታምናለች?» የሚል ወረቀት በሰፈሩ ቢበተን፣ ጸሐፊው «መጠየቅ ጥላቻ አይደለም» ይሏታል? አይመስለኝም። ያን ቀን ከእኛ ጋር ቆመው እንደሚጽፉ አልጠራጠርም። ለእሷ የሚከራከሩበትን ቃል ለሳንደርስም ይስጡት ነው የምለው።

አሁን የመጨረሻው ነጥባቸው ቀረ። «ሳንደርስ ይሸሽ ነበር» የሚለው። ይህ ከእውነት የራቀ ነው፤ ለማረጋገጥም አስቸጋሪ አይደለም።

በፌብሩዋሪ 2016 መጀመሪያ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በቴሌቪዥን በተላለፈ የሕዝብ ስብሰባ ስለ እምነቱ ተጠየቀ። ጠንካራ ሃይማኖታዊና መንፈሳዊ ስሜት ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር አለ። ከዚያ በፊትም፣ ሁሉም ሰው በራሱ መንገድ በአምላክ ያምናል፤ ለእኔ ትርጉሙ ሁላችንም የተያያዝን መሆናችን ነው ብሎ ተናግሯል። በፌብሩዋሪ 9 ቀን እዚያው ኒው ሃምፕሻየር አሸንፎ በፕሬዚዳንታዊ ፕራይመሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ።

ማርች 6 ቀን ፍሊንት፣ ሚሺጋን ውስጥ ከክሊንተን ጋር ተከራከረ። አወያዩ አንደርሰን ኩፐር ፊት ለፊት ጠየቀው። አንዳንድ ሰዎች አይሁዳዊነትህን ሆን ብለህ ወደ ኋላ አድርገኸዋል ይላሉ፤ እውነት ነው? አለው። ሳንደርስ አይደለም አለ። አይሁዳዊ በመሆኔ በጣም እኮራለሁ፤ የማንነቴ ትልቅ ክፍል ነው አለ። የአባቴን ቤተሰብ ሂትለር ጨርሶታል አለ። ከዚያም ስለ ልጅነቱ ተናገረ። ትንሽ ልጅ ሆኖ እናቱ ገበያ ይዛው ትወጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ያይ ነበር። ክንዳቸው ላይ ቁጥር ነበረባቸው። የማጎሪያ ካምፑ ቁጥር ነው።

ይህን የተናገረው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እያየው ነው። «የአይሁድ ዘር አለኝ እያለ ሲያመልጥ ቆይቷል» የሚለው ኢሜይል የተጻፈው ከዚያ ምሽት ሁለት ወር በኋላ ነው።